ሽምግልናው ከፋሲካ በኋላ ተብሏል፤ የመክሰሻው ጊዜስ ይጠብቃል?

የሽማግሌዎች ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ቤተሰብ መካከል ለተነሳ የሥራ ጠብ ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠዋል። ጥያቄውን የማቀርበው በእነሱ ስም ነው፤ ሕጉን ሳያውቁ ተቀምጠው ልጁንም አሠሪውንም እንዳይበድሉ ይፈልጋሉ።

ልጁ አዲስ አበባ ውስጥ በአክስቱ ባል የግንባታ ዕቃ መጋዘን ስቶር ኪፐር ሆኖ 4 ዓመት ከ3 ወር ሠርቷል። «ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል» ስለተባለ የጽሑፍ ውል የለም። ደመወዙ በወር 12,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 7,000ው በፔይሮል ተይዞ በባንክ ይገባለታል፤ 5,000ውን አክስቱ በየወሩ በቴሌብር ትልክለታለች። ጥር ላይ በቆጠራው ሰሞን ለ12 ቀን ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አመሸ፤ የትርፍ ሰዓት ይታሰብልኝ ብሎ በቃል ጠየቀ። የካቲት 3 ጠዋት ዘበኛው «እንዳታስገባው ተብያለሁ» ብሎ መለሰው። ማታ ከአሠሪው ስልክ «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትመጣ» የሚል ቴክስት መጣ። ደብዳቤ የሚባል ነገር የለም። የጥር ደመወዙም አልተከፈለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ «46,000 ብር የሚያወጣ ፌሮ ጎድሏል» ተባለ፤ ተያዥ የሆነው አጎቱም ተጠርቶ «የምትከፍለው አንተ ነህ» ተባለ።

ልጁ በጣም ተናዷል። ቲክቶክ ላይ ወጥቼ አጋልጠዋለሁ ይላል። የስቶሩ መዝገብ ያለው በድርጅቱ ላፕቶፕ ኤክሴል ላይ ነው፤ ላፕቶፑም የመጋዘኑ 4 ቁልፎችም እሱ እጅ ናቸው፤ መዝገቡን ጠርጌ አጠፋዋለሁ ይላል። «ካልከፈልከኝ ያለ ደረሰኝ የምትሸጠውን ለገቢዎች እናገራለሁ» የሚል መልእክትም ጽፎ ሊልክ ነው። ቤተሰቡ በበኩሉ «ጾሙ ይለፍ፣ ከፋሲካ በኋላ እንቀመጥ፤ ልጁ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብሎ ይፈርም፣ ጋሼም (አሠሪው) የሆነች ነገር ያስጨብጡት» ብሏል። ዛሬ መጋቢት 12 ነው። ልጁ በሕግ ምን ይገባዋል? ሽማግሌዎቹስ ምኑን ይጠንቀቁ?


ችሎት ደጃፍ፦

መጀመሪያ ቀኑን ያዙ፤ ሌላው ይደርሳል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ ሥራው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ለዚህ ልጅ ግንቦት 3 ማለት ነው። ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ፣ ማለትም ካሳው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዙና የሥራ ስንብት ክፍያው፣ 6 ወር አለው፤ ነሐሴ 3 ያበቃል። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓትም 6 ወር ነው፤ የሚቆጠረው ግን እያንዳንዱ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። የጥር ደመወዝ ጥር 30 መከፈል ከነበረበት ሐምሌ 30 ላይ ይዘጋል፤ ከካሳው ቀድሞ። ይህችን ልዩነት ብዙ ሰው አያስተውላትም።

ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን ይርጋ አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ማመኑ ወይም በከፊል መክፈሉ ነው። «ከፋሲካ በኋላ» ተብሎ አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ቢደርስበት፣ ሌላው ክፍለ ሀገር ቢሄድ፣ ሁለት ቀጠሮ ሲተላለፍ ግንቦት 3 ያልፋል። ልጁ ያኔ ካሳውን ባያጣም ወደ ሥራ የመመለስ መብቱን አጥቶ ነው ድርድር የሚገባው፤ አሠሪውም ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው አደገኛ ነገር «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የምትለዋ ወረቀት ናት። ለሽማግሌዎቹ ሰላም ማውረጃ ትመስላለች፤ በሕግ ግን ነገሩን ከሥር ትገለብጠዋለች። አሠሪው ከሕግ ውጭ ሲያሰናብት ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና የስንብት ክፍያ አለ። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሉም፤ የስንብት ክፍያውንም የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። ይህ ልጅ 4 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። በአንዲት ፊርማ ሦስቱንም ያጣል። ይባስ ብሎ ያለ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለቀቀ ተብሎ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ሠራተኛ ሕግ የሰጠውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም ውጤት እንደሌለው አዋጁ ውል በስምምነት ስለማቋረጥ በሚናገርበት ቦታ ደንግጓል፤ ነገር ግን ፊርማ ከተገኘ በኋላ «ተገድጄ ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ባይፈረም ይሻላል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ደብዳቤ ሳይሰጥ ያሰናበተ አሠሪ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «አላሰናበትኩትም፣ ራሱ ጥሎ ሄደ»። ስለዚህ ያቺ ቴክስት ወርቅ ናት። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፤ መልእክቱ ከነቁጥሩና ከነቀኑ በዋናው ስልክ ላይ ይቆይ፣ ስልኩ አይሸጥ፣ ፎርማት አይደረግ። በዚያ ላይ ዛሬውኑ አንድ ደብዳቤ ይጻፍ፦ «ከየካቲት 3 ጀምሮ በጥበቃ ተከልክዬ ወደ ሥራ መግባት አልቻልኩም፤ በዕለቱም እንዳትመጣ የሚል መልእክት ከስልክዎ ደርሶኛል፤ ሥራዬን ለመሥራት አሁንም ዝግጁ ነኝ፤ ያሰናበቱኝ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጹልኝ፤ የጥር ደመወዜም ይከፈለኝ።» በሁለት ቅጂ ወስዶ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ያስፈርም። እምቢ ካሉ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች «ልንሰጥ ሄደን አልተቀበሉንም» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙ፤ ዋናው በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላክና ደረሰኙ ይቀመጥ። 39 ቀን አልፏል፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር «ጥሎ ሄደ» የሚለው መልስ ጉልበት ያገኛል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስጨንቃችሁ። የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በጽሑፍ ባለመሆኑም ሠራተኛው በአዋጁ ያለውን መብት አያጣም። የባንክ ስቴትመንት፣ የጡረታ መዋጮ መዝገብ፣ ፊርማው ያለባቸው የዕቃ መቀበያና መውጫ ቫውቸሮች ሠራተኛነቱን በደንብ ያስረዳሉ። ዘመድ መሆኑም ከአዋጁ አያስወጣውም።


ፔይሮል፦

ሒሳቡን እኔ ልሥራው፤ ሽማግሌ ቁጥር ይዞ ሲቀመጥ «የሆነች ነገር ያስጨብጡት» የሚለው ይቀራል።

ደመወዙ 12,000 ከሆነ የቀኑ 12,000 ለ30 ሲካፈል 400 ብር ነው። ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሰ፦

ካሳ፣ የቀን ደመወዝ በ180 ተባዝቶ፦ 72,000 ብር።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፦ 24,000 ብር።

የሥራ ስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ 12,000 ነው። ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ 4,000 ይጨመራል፤ 3 ዓመት 12,000፣ የ3 ወሩ ተመጣጣኝ 1,000። ድምሩ 25,000 ብር።

የጥር ደመወዝ 12,000፣ የየካቲት 2 ቀን 800።

ትርፍ ሰዓት፦ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲታሰብ 208 ሰዓት ነው። 12,000 ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ 57.69 ብር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ 86.54 ብር። 24 ሰዓት ነው ያመሸው፤ 2,077 ብር ገደማ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢሆን 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ከ12ቱ ቀን አንዱ ጥር 11 ላይ ውሎ ከሆነ የጥምቀት ሒሳብ ይለያል፤ ቀኖቹን አንድ በአንድ ጽፎ ያምጣ። «12 ቀን ገደማ» ብሎ የሚቀርብ ክስ ላይ የትርፍ ሰዓቱ ክፍል በቀላሉ ይወድቃል።

ድምሩ 135,877 ብር ነው፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ሳይጨመር። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨምራል፤ ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደው በገንዘብ ይለወጣል። ስንት ቀን እንደወሰደ ስላልተጻፈ ትቼዋለሁ።

ሌላም አለ። ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ክፍያው ካልተፈጸመ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል፤ እዚህ ላይ እስከ 36,000። «እስከ» የምትለዋን አትርሱ፣ መጠኑ በችሎቱ ነው። በመጠኑ ላይ ክርክር ካለ እንኳ አሠሪው ያመነውን በዚያው 7 ቀን መክፈል ነበረበት። የጥር ደመወዝን ደግሞ ማንም አልካደም።

አሁን ዋናው ሕመም። ይህ ሁሉ በ12,000 የተሠራ ነው። ማስረዳት የተቻለው የፔይሮሉን 7,000 ብቻ ከሆነ ካሳው 42,000፣ ማስጠንቀቂያው 14,000፣ ስንብቱ 14,583 ይሆናል። ሦስቱ በ12,000 ሲሰሉ 121,000 ነበሩ፤ በ7,000 ግን 70,583 ናቸው። 50,417 ብር ያህል የሚንጠለጠለው በአክስቲቱ ቴሌብር ላይ ነው። ላኪዋ ድርጅቱ ስላልሆነ «የአክስት ስጦታ ነው» ሊባል ይችላል። በየወሩ ደመወዝ በሚገባበት ቀን አካባቢ፣ ያለማቋረጥ፣ እኩል 5,000 ሲላክ ግን ስጦታ አይመስልም። ልጁ ከቴሌብር የግብይት ታሪኩን የቻለውን ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ያውጣ፣ ከባንክ ስቴትመንቱ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያድርገው። «ቀሪ ደመወዝህን ልኬያለሁ» የሚል አንዲት የቴሌግራም መልእክት ከተገኘች ክርክሩ አለቀ ማለት ይቻላል። ሌላው ሊመጣ የሚችለው መልስ «5,000ው የትራንስፖርት አበል ነው» የሚለው ነው። አበል፣ ቦነስና ትርፍ ሰዓት በአዋጁ ከ«ደመወዝ» ትርጉም ውጭ ስለሆኑ ካሳ ሲሰላ አይገቡም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ፊት «12,000 ነበር ደመወዙ» የሚለው ቃል ከአሠሪው አፍ ወጥቶ በጽሑፍ ከሰፈረ ትልቅ ነገር ነው።


ቢን ካርድ፦

ስለ ጎደለው ፌሮ ልመልስ፤ ከሁሉ የሚያስፈራውም ይሄ ነው፣ ወደ ወንጀል አቤቱታ ስለሚሄድ።

«46,000 ብር ጎደለ» ማለት ብቻውን ጉድለት አይባልም። ጉድለት የሚባለው የመነሻ ባላንስ ላይ በዕቃ መቀበያ የገባው ተደምሮ፣ በመውጫ ቫውቸር የወጣው ተቀንሶ፣ ቀሪው ከአካል ቆጠራው ጋር ሲለያይ ነው። ቆጠራው ደግሞ ስቶር ኪፐሩ ባለበት፣ ተቆጥሮ በዚያው ቀን ተፈርሞ መሆን አለበት። ልጁ የካቲት 3 ከበር ተመልሶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌለበት ተቆጥሮ የመጣ ቁጥር ጥያቄ የሚያስነሣው መጀመሪያ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መጋዘኑ ውስጥ ማን ይገባና ይወጣ እንደነበር ነው። በነገራችን ላይ ቁልፎቹ ልጁ ጋ ከሆኑ በምን ተከፈተ? ሁለተኛ ቁልፍ አለ ማለት ነው፤ ይህ ለልጁ የሚጠቅም ነጥብ ነው። በጥር የተደረገው ቆጠራ የተፈረመበት ወረቀትም ይፈለግ፣ የመጨረሻው የታመነ ባላንስ እሱ ነው።

ፌሮ ላይ ደግሞ ሌባ የሌለበት ጉድለት አለ። ዕቃው በቤርጋ፣ ማለትም በዘንግ ብዛት፣ ተቆጥሮ ይገባና በሚዛን ይወጣል። ባለ 12 ሚሊ ቤርጋ፣ 12 ሜትር ርዝመት፣ በስሌት ክብደቱ 10.66 ኪሎ ገደማ ነው፤ ውፍረቱ በሚሊ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትሩ ኪሎ ይወጣል። ከፋብሪካ ሳስቶ የወጣ ብረት ግን 10.1 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። 1,000 ቤርጋ ሲገባ መዝገቡ ላይ 10,660 ኪሎ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁሉም በሚዛን ተሽጦ ሲያልቅ 10,100 ኪሎ ብቻ ይወጣል። መዝገቡ 560 ኪሎ ጎድሏል ይላል፤ አንድም ቤርጋ ግን አልጠፋም። ሽማግሌዎቹ አሠሪውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የገባው በምን ተመዘገበ፣ የወጣውስ በምን? መልሱ ከተለያየ ጉድለቱ በቤርጋ ብዛት እንደገና ይሰላ።

እውነተኛ ጉድለት ቢኖር እንኳ ከደመወዙ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የፈለገ አሠሪም ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ምክንያቱንና ቀኑን ገልጾ በጽሑፍ ነው የሚያደርገው። እዚህ የተባረረው መጀመሪያ ነው፤ ጉድለቱ የመጣው በኋላ ነው።

ስለ ተያዡ አጎት፦ የፈረመውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ያምጣ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና ዋሱ የገባበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት አይጸናም። «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብቻ ብሎ ፈርሞ ከሆነ ባዶ ነው። መጠን ተጽፎበት ከሆነም ዕዳው መኖሩ መጀመሪያ ይረጋገጥ። አጎትየው ተደናግጦ «ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ» የሚል ነገር እንዳይፈርም በዚህ ሳምንት ይነገረው።

ልጁ ያሰባቸው ሦስት ነገሮች ሦስቱም የያዘውን ጥሩ ክስ ያበላሹበታል። መዝገቡን ካጠፋ በኮምፒውተር ዳታ ላይ ጉዳት ማድረስ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስቀጣል። ቅጣቱ ይቅርና፣ ከጉድለት ክስ የሚያወጣው ማስረጃ ያ መዝገብ ነው፤ ካጠፋው ነጻ ሊያወጣው የሚችለውን ነገር በእጁ አቃጠለ ማለት ነው። ቲክቶኩም እንዲሁ፤ በዚያው አዋጅ አንቀጽ 13 የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ነገር በኮምፒውተር ሥርዓት ማሠራጨት በግል አቤቱታ ያስከስሳል። አሠሪው እስካሁን ተከላካይ ነው፤ ቪዲዮው የወጣ ዕለት ከሳሽ ይሆናል። «ካልከፈልከኝ ለገቢዎች እናገራለሁ» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። ግብር መሰወርን መጠቆም ሕጋዊ ነው፤ ጥቆማውን ገንዘብ ማስለቀቂያ ማድረግ ግን ማስፈራራት ነው፣ ማስረጃውንም ራሱ ጽፎ እየላከላቸው ነው። መጠቆም ከፈለገ ከክፍያው ጋር ሳያገናኝ ለብቻው ያድርገው።

ቁልፎቹና ላፕቶፑ በዚህ ሳምንት ይመለሱ። ብዙ ሰው መያዣ አደርገዋለሁ ብሎ ይይዛል። ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ባለማስረከቡ ክፍያው ከዘገየ ግን የ7 ቀኑ ጊዜ ስለሚራዘም ቅድም የተባለው እስከ 36,000 የሚደርሰው ተጨማሪ ክፍያ ይበላሻል፤ «ንብረቴን ይዞ ጠፋ» ለሚል የእምነት ማጉደል አቤቱታም በር ይከፍታል። አመላለሱ እንዲህ ይሁን፦ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቅጂ ወረቀት። «የዋናው በር ቁልፍ 1፣ የፌሮ ግቢ ቁልፍ 1፣ የሲሚንቶ ክፍል ቁልፍ 1፣ የቢሮ ቁልፍ 1፤ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ 1፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይህ፤ የስቶር መዝገብ ፋይል ተከፍቶ ታይቷል፣ የመጨረሻው የተመዘገበው ቫውቸር ቁጥር ይህ ነው።» የመጨረሻው ገጽ ታትሞ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። የድርጅቱን ፋይል በሙሉ በፍላሽ ገልብጦ መውሰድ አልመክርም፤ የተፈረመው ገጽ ይበቃዋል፣ ቀሪውን ፍርድ ቤት አሠሪውን አቅርብ ሊለው ይችላል።


የሽማግሌዎች ጸሐፊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረ። ዘበኛው «እንጀራዬን ያሳጣኛል» ብሎ መመስከር ፈርቷል። ሁለተኛ፣ ልጁ ከከሰሰ ሽማግሌዎቹ «እኛን ረግጦ ሄደ» ብለው ይነሣሉ የሚል ፍርሃት አለ። ክስና ሽምግልና አብሮ ይሄዳል ወይ?


ችሎት ደጃፍ፦

አብሮ ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ ታርቀው ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤቱ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳል። ችሎቱ ስምምነቱን ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ካልተከፈለ በአፈጻጸም ይጠየቃል። ቤት ውስጥ በቃል ያለቀ ዕርቅ ይህ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ የሚነገረው «ክሱ ቀኑን ለማዳን ነው፣ የእናንተን ቃል ፍርድ ቤቱ ያጸናልናል» ነው። ደግሞም ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት ይግባ፤ ግንቦት 2 ሄዶ ሲስተም የለም ቢባል ወይም አንድ አባሪ ጎድሏል ተብሎ ቢመለስ መድረሻ የለውም።

ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ማመልከቻውን ራፖር ጸሐፊ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የትም ቢጻፍ ሁለት ቦታ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። አንደኛው የተከሳሹ ስም ነው። ንግድ ፈቃዱ ላይ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የሚከሰሰው ማኅበሩ ነው፤ የግለሰብ ንግድ ከሆነ ሰውየው ራሱ። በሱቁ ታፔላ ላይ ያለውን ስም ገልብጦ መክሰስ በመቃወሚያ ያስወድቃል፣ እስኪስተካከልም ቀኑ ይሄዳል። ትክክለኛው ስም ከደረሰኙ ወይም ከጡረታ መዝገቡ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው የሚጠየቀው ዳኝነት ነው፤ ዋናው «ወደ ሥራ ልመለስ፣ ውዝፍ ደመወዝ ይከፈለኝ»፣ አማራጩ ደግሞ «ይህ ካልሆነ ካሳውና ክፍያዎቹ» ተብሎ በቁጥር ተዘርዝሮ ይጻፍ። የጥር ደመወዝና ትርፍ ሰዓቱ ከሁለቱም ጋር ይጠየቃሉ።

ዘበኛው በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ በምስክርነት ይቆጠርና በፍርድ ቤት መጥሪያ ይጠራ። መጥሪያ ሲደርሰው ለአሠሪው «ተገድጄ ነው የሄድኩት» ማለት ይችላል፤ በፈቃዱ ከመቅረብ ይህ ይቀለዋል። ቴክስቷ ካለች ደግሞ ጉዳዩ በእሱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም፤ ብዙ አታስጨንቁት።


ሰነድ አዋቂ፦

ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ወደ ሥራ መመለስ ላይ ግን ሽማግሌዎቹ ልጁን በደንብ ይጠይቁት። ስድስት ሰባት ሰው በሚሠራበት የዘመድ ቤት፣ አክስት ምሳ በምትልክበት ግቢ፣ ፍርድ ይዞ መመለስ ከባድ ኑሮ ነው። ሕጉም ይህን አይቷል፤ ሠራተኛው ልመለስ ቢል እንኳ የሥራ ግንኙነቱ ከፍተኛ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ ካሳ ተከፍሎት እንዲሰናበት ሊወስን ይችላል። ቢመለስም በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሊወሰንለት የሚችለው ውዝፍ ደመወዝ ከ6 ወር አይበልጥም፤ ይግባኝ ተብሎ ከጸና እስከ 1 ዓመት ይደርሳል። ሁለቱን አስተያይቶ ይምረጥ።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ፦ መታወቂያው ወይም ማንኛውም ደብዳቤ ላይ «የመጋዘን ማናጀር» ተብሎ ተጽፏል ወይ? የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ አሠሪዎች ይህን መቃወሚያ ይወዱታል። የሚወስነው ስሙ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው፤ በተለይ መቅጠር፣ ማዛወርና ማሰናበት ይችል ነበር ወይ የሚለው ይታያል። ስቶር ኪፐር በተለምዶ ይህ ሥልጣን የለውም፤ ግን መልሱን አዘጋጅቶ መግባት ይሻላል።

የጡረታውንም እዩ። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ የቀረ ወር ካለ በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በኩል ይጣራል፤ ይህ የልጁ ዕድሜ ልክ ጉዳይ ስለሆነ በዕርቅ መሀል እንዳይረሳ።

አሠሪው ጾሙ ሳያልቅ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሙሉ ዕርቅ አትፈልጉ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ አስፈርሙ። ሥራው በአሠሪው በኩል የተቋረጠው የካቲት 3 መሆኑ፣ የወር ደመወዙ 12,000 ብር መሆኑ፣ የጥር ደመወዝ አለመከፈሉ፣ አሠሪው የሠራተኛውን የክፍያ መብት አምኖ በመጠኑ ላይ ብቻ ለመነጋገር መቀመጡ፣ ጉድለት የተባለው ፌሮ ሁለቱ ወገን ባሉበት በቤርጋ እንዲቆጠር መስማማታቸው። ቀን፣ የሁለቱ ፊርማ፣ የሦስቱ ሽማግሌዎች ፊርማ፤ በሦስት ቅጂ፣ አንዱ ሽማግሌዎቹ ጋ ይቀመጥ። ይህ የጽሑፍ እምነት የክፍያውን ይርጋ ያቋርጣል። ወደ ሥራ የመመለሱን ጥያቄ ግን እሱ ያድናል ብላችሁ አትመኑ፤ ለዚያ ክሱ ሚያዝያ ውስጥ መግባት አለበት። ልጁ በዚያ ስብሰባ ላይ ሲሄድ ቴክስቷ ያለችበትን ዋናውን ስልክ ይዞ አይሂድ፤ የቴክስቷን የታተመ ቅጂ ይያዝ።